«አትምቱት» ላይ ያለችው ዝምታ

የሰው ሶፋ ቀድጄ ያላገኘሁት ጉድ የለም። የተቆረጠ ጥፍር፣ የታኘከ ማስቲካ፣ የደረቀ በረሮ፣ አንዴማ ሙሉ የሰው መንጋጋ ጥርስ አግኝቻለሁ። ከላይ ሲያዩት ዳንቴል ለብሶ፣ ሽቶ ተረጭቶበት፣ የተከበረ እንግዳ የሚቀመጥበት ነው። ጨርቁን ገሽልጠህ ስፖንጁን ስታነሣ ነው የቤቱ ገመና የሚከረፋህ። ሠላሳ ስምንት ዓመት በዚህ ሥራ ስለኖርኩ አፍንጫዬ ለምዶታል። የሚያቅለሸልሸኝ ሌላ ነው። ሬዲዮ ከፍቼ የዚያን ሰውዬ ድምፅ ስሰማ ቁርሴ ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣል።

ርግቡን ማለቴ ነው። የሬጌውን ዘፋኝ። እናንተ «ጋሼ ርግቡ» የምትሉትን፣ ድሬድ ፀጉሩ ወገቡ ድረስ የሚወርደውን፣ ስለ ሰላምና ስለ ፍቅር ሲያወራ ዓይኑን ጨፍኖ ጣቱን ወደ ሰማይ የሚቀስረውን።

ስሙን ያወጣለት የመጀመሪያ ካሴቱ ሽፋን ነው። ትከሻው ላይ ነጭ ርግብ ቆማ ትታያለች። ፎቶው ሲነሣ እዚያው ነበርኩ፤ ያኔ ባንዱ ውስጥ እጫወት ነበር። ርግቧን ከጎረቤት ተውሰን ያመጣናት እኔና ድራመሩ ነን። ገና ትከሻው ላይ እንዳረፈች ሸሚዙ ላይ ኩሷን ጣለችበት፤ እሱም ተናዶ በክርኑ ሲላት ክንፏ ተሰበረ። ፎቶ አንሺው የቆሸሸውን ሸሚዝ ከሥር ቆርጦ አስቀረው። ሕዝቡ ታዲያ «እንዴት ያለ የዋህ ሰው ነው፣ ወፍ እንኳ አትሸሸውም» አለ። በምኗ ትሽሸው?

በረሃብ አደግኩ ይላል። አባቱ ወፍጮ ቤት ነበራቸው፤ ዱቄት ውስጥ ተንከባሎ ነው ያደገው። ከመዝፈኑ በፊት አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ነበር፤ ይሄን አያወራም፤ «በየመንገዱ ተንከራትቻለሁ» ብሎ ያልፈዋል። መንከራተቱስ እውነት ነው፣ አውቶቡስ ይንከራተታል። ኋላ ሲሳካለት ባሕር ማዶ ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ። ሦስት ሚስት አገባ፤ ለሦስቱም ታማኝ ፍቅር የሚል ዘፈን አወጣ። በየትምህርት ቤቱ እየተጠራ ልጆች እንዳይደባደቡ ይመክራል። የቀለም ፋብሪካ ማስታወቂያ ላይ ነጭ ቀለም እየቀባ «ልባችንም እንዲህ ይሁን» ሲል ያያችሁት እሱ ነው። ይሄ ሁሉ የተገነባው በአንድ ዘፈን ላይ ነው፤ ዘፈኑ ደግሞ በአንዲት ቦታ ላይ። ያቺን ቦታ የማውቃት እኔ ነኝ።

«አትምቱት»ን የማያውቅ የለም። ደካማውን አትምቱት፣ ወንድማችሁ ነው፣ እጃችሁን ሰብስቡ የሚል ነው። ዛሬ አርባ ዓመቱ፣ ከጎማ መጋዘን ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀረፀ። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ሁሉ የእንቁላል ካርቶን ተለጥፎበት ነበር፤ የፈሰሰ አስኳል ደርቆበት ክፍሉ ይሸት ነበር። እሱ ሃያ ስድስት፣ እኔ አሥራ ዘጠኝ። ከሰባተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ ቤዝ ጊታር ያስተማረኝ ሰው የለም፣ ካሴት ወደ ኋላ እያጠነጠንኩ በጆሮዬ ነው የለቀምኩት። ሬጌ ውስጥ ደግሞ የሚራመደው ቤዙ ነው። ዘፋኙ ታዝሎ ነው የሚሄደው።

አራት ጊዜ ሞክረን አራቱም ተበላሸ። የሚያበላሸው እሱ ነበር፤ ሁለተኛው ስንኝ ላይ እየቀደመ ይገባል። ሌሎቹ እያወቁ ዝም አሉ። እኔ ልጅ ነኝ፣ ምላሴ አላረፈም፤ «አንተ እኮ ነህ የምትቀድመው» አልኩት። ድምፅ ቀራጩ ከመስታወቱ ወዲያ «ልጁ ልክ ነው» አለ። ሳቁ። በቃ፣ ሌላ የለም።

ለአምስተኛው ቀይዋ መብራት በራች። ድራመሩ ዱላውን ከዱላው እያጋጨ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ቆጠረ። ከአራተኛው ቀጥሎ እኔ መግባት አለብኝ። ጣቴ ክሩ ላይ ነበር። ይሄኔ ከኋላዬ የቆመው ሰውዬ ማጅራቴን በመዳፉ ጧ! አደረገኝ።

ጆሮዬ ጭው አለ። ክፍሉ ዞረብኝ። ጣቴ ብቻ እንደለመደው፣ ጌታው ምን እንደደረሰበት ሳይጠይቅ፣ ዘግይቶ ገባ። እሱም መዳፉ ገና ሳይቀዘቅዝ፣ በዚያ በሚያባባ ድምፁ «አትምቱት» ብሎ ጀመረ።

እንባዬ እየወረደ እስከ መጨረሻው ተጫወትኩ። ዘፈኑ ሲያልቅ ድምፅ ቀራጩ እየሮጠ ገባ፤ መስታወቷ ጠባብ ናት፣ እኔ የቆምኩበት ጥግ አይታየውም ነበር። «መግቢያዋ ላይ ያለችው ዝምታ! ማን ነው ያሰባት? እንዳትነኳት፣ እንዲሁ ትቅር!»

«እኔ ነኝ» አለ ርግቡ። «ከልቤ መጣችልኝ።»

ካሴቱን በጆሮ ማዳመጫ ስሙት፤ ከአራቱ የዱላ ምት በኋላ ጧ የምትል ነገር አለች። ሰው ጭብጨባ መሰለችው። ስለዚህ ምን ተለመደ መሰላችሁ? ዘፈኑ መድረክ ላይ ሲጀመር ርግቡ ቀኝ እጁን ያነሣል፤ ሕዝቡም እጁን ያነሣል፤ ድራመሩ አራት ይቆጥራል፤ አዳራሹ በሙሉ አንዴ ጧ! ያጨበጭባል። ከዚያ ቤዙ ይገባል። ሺህ ሰው፣ ሁለት ሺህ ሰው፣ በአንድ መዳፍ። እኔ እዚያ መሐል ቆሜ ማጅራቴ እየነደደ ሁለት ዓመት ተጫወትኩ። አንድ ቀን ጊታሬን ድራሙ ላይ አስደግፌ ወጣሁ፤ የአጎቴ ሶፋ መሥሪያ ገብቼ ሞላ ማሰር ጀመርኩ።

ለማንም አልተናገርኩም። ለሚስቴም። ምን ብዬ? ሴቲቱ ዕቃ እያጠበች ሬዲዮው ያንን ዘፈን ከለቀቀ የሳሙና እጇን አንሥታ ጧ ታደርጋለች፤ አረፋው ፊቴ ላይ ይረጫል። «ይቺን ቦታ ስወዳት!» ትለኛለች። ባሏ እዚያ ዘፈን ላይ ቤዝ መጫወቱን ታውቃለች፤ ለጎረቤት ትኮራበታለች። እንግዲህ እሷን፣ «ያጨበጨብሽው እኔ ላይ ነው» ልበላት?

ባለፈው ዓመት ሬዲዮ ላይ ጠየቁት፤ ስለዝምታዋ። በረጅሙ ተነፈሰና «ዓለም እንድትተነፍስ ብዬ ነው ሙዚቃውን ያቆምኩት» አለ። የያዝኩትን መዶሻ ግድግዳው ላይ ወረወርኩት። ቀዳዳው አሁንም አለ።

ከዚያ በኋላ ነው አንድ ጠዋት ራሱ ሱቄ የመጣው። በሩ ላይ ቆሞ እጁን ዘረጋ።

«ወንድም ዓለም! አለህ እንዴ በሕይወት?»

«አንተን ቀብሬ ነው የምሞተው» አልኩት። ሰው ሁሉ «እርስዎ» ነው የሚለው፤ እኔ አንተ አልኩት፤ ምን ቆርጦኝ?

ሳቀ። ጥርሱ አዲስ ነው፣ እንደ መታጠቢያ ቤት ሸክላ ያበራል። ሥራውን የምታስተዳድርለት ልጁ አብራው ነበረች። «አባባ፣ እዚያ እንዳትቀመጥ፣ አቧራ ነው» አለችው። እሱ ግን ትሑት ሰው ነኝ ባይ ነውና ጎንበስ ብሎ አሮጌው ሶፋ ላይ ዘፍ አለ። ሞላውን አውጥቼው ነበር። ሰመጠ፤ ጉልበቱ አገጩን መታው።

«ሞላ የለውም አትለኝም?»

«ልቀመጥ ወይ ብለህ ጠየቅከኝ?»

ልጁ ክንዱን ይዛ ስትጎትተው ያ ትልቁ የሱፍ ቆቡ ከራሱ ላይ ተንሸራተተ። ድሬዱም አብሮ መጣ! ያ ሁሉ ሕዝብ የሚሳሳለት ፀጉር ቆቡ ላይ የተሰፋ ነው። ከሥሩ ያለው ራስ እንደተላጠ የተቀቀለ እንቁላል ሆኗል፤ ላብ ጠብ ጠብ ይልበታል። ፀጉሩ የራሱ ነው አሉ፤ ሲረግፍበት ለቅሞ ያስቀመጠው። መሬት ላይ ተጋድሞ ሳየው፣ ከሶፋ ሆድ ከማወጣው ጋር ምንም ልዩነት አልነበረውም። ሽታውም ያው። አንሥቼ ሰጠሁት።

«ማን ነው የሰፋው?» አልኩት። «ክሩ ቀጭን ነው፤ ይተረተራል።»

«ለሰው እንዳታወራ።»

«ስንቱን ልያዝልህ?»

ይቺ ገባችው መሰለኝ፤ ልጁን መኪና ውስጥ ጠብቂኝ አላት። ከዚያ ነገሩን አወጣው። የ«አትምቱት» አርባኛ ዓመት ሊከበር ነው፤ ትልቁ አዳራሽ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በቴሌቪዥን ቀጥታ። አዲሱ ቤዝ ተጫዋቹ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የጨረሰ ነው፤ ዝምታዋን ኮምፒውተር ላይ በሴኮንድ ሽራፊ ለክቶ አጥንቷታል። ልኳም ልክ ናት። ግን ባለፈው ዝግጅት ላይ ሲጫወታት የሕዝቡ ጭብጨባ ተዘበራረቀ፤ እዚህ ጧ፣ እዚያ ጧ፣ እንደ በቆሎ ፈንዲሻ። ሰው ተሳሳቀ። እሱ መድረክ ላይ እጁን አንሥቶ ቀረ።

«ማንም አይችላትም» አለኝ። «አንተ ብቻ። ምን ላድርግልህ? የፈለግከውን ተናገር።»

የፈለግኩትን ነገርኩት። ሌላ ምንም አልጠየቅኩም። ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ማይኩን ይዞ፣ በሕዝብ ፊት፣ «ያቺ ዝምታ የመጣችው ይሄን ልጅ ስለመታሁት ነው» ይበል። ይቅርታ እንኳ አልጨመርኩበትም። «መታሁት» ይበል፣ ይበቃኛል። ከሱ አፍ፣ በማይክ፣ ሚስቴ ቁጭ ብላ እየሰማች።

መሬት መሬት አየ። ከዚያ እጁን ልቡ ላይ አደረገ። «እላለሁ። እናቴ ትሙት።»

«እናትህ ከሞቱ እኮ ሃያ ዓመታቸው ነው፤ ቀብር ላይ ነበርኩ።»

«ልጄ ትሙት!» አለ። ልጁ ከውጭ የመኪናውን ጥሩንባ ነፋች።

ልምምዱ ሦስት ቀን ነበር። ስለ ሰውዬው ያላያችሁትን ልንገራችሁ። በየዘፈኑ መሐል ጥሬ እንቁላል ሰብሮ ይውጣል፤ ከፊሉ ጢሙ ላይ ይቀራል። አክታውን የሚተፋበት ክዳን ያለው ብርጭቆ አለው፤ ልጁ ይዛለት ትቆማለች፤ አክ ሲል ክዳኑን ትከፍታለች፣ ተፍ ይልና ትዘጋለች። ከዚያ ማይኩን ይዞ «ፍቅር ንጹሕ ነው» ይላል። ከፍ ያሉትን ቦታዎች ጉሮሮው እምቢ ብሎታል፤ እነሱን ሦስት ሴቶች ከጎን ይጮሁለታል፣ እሱ አፉን ይከፍታል።

ያ የተማረው ቤዝ ተጫዋች ትሑት ልጅ ነው፤ ቅር አላለውም። «ጋሼ፣ እንዴት ነው የሚቆጥሯት?» አለኝ።

«አልቆጥራትም።»

«ታዲያ?»

«ትመጣለች።»

ወረቀት ላይ ጻፋት መሰለኝ።

ድራመሩ ያው የዱሮው ድራመር ነው፤ አርባውንም ዓመት አልተለየውም። ያኔ ከፊቴ ነበር የተቀመጠው፣ ሁሉን አይቷል። ጀርባውን ያመዋል፣ ሦስት ትራስ ላይ ነው የሚቀመጠው። በእረፍት ሰዓት ጠጋ ብዬ፣ «እሑድ እውነቱን ሊናገር ነው» አልኩት።

«የምን እውነት?»

«አታውቅም?»

«እኔ ምንም አላየሁም። ዓይኔ ያኔም ደካማ ነበር።»

«የኔን እንባ እኮ በመሐረብህ የጠረግከው አንተ ነህ!»

ዱላውን እያገላበጠ አየው። «ተወኝ በናትህ» አለ። «እንጀራዬ ነው።»

እኔም ሞኝ አይደለሁም። ባይናገርስ ብዬ መላ መታሁ። ካልተናገረ ዝምታዋን አልሰጠውም። ከአራተኛው ምት ቀጥዬ ዱብ እላለሁ፣ እንደማንኛውም ዘፈን፣ ሕዝቡ እጁን ሳያወርድ። ጭብጨባው ይበተናል፣ እሱም መግቢያ ይጠፋዋል፤ በቴሌቪዥን፣ በቀጥታ። የልምምዱን ቤዝ ይዤ ገብቼ ቤቴ ውስጥ ሞከርኩት። የሶፋ መደገፊያ ላይ አራት መታሁና ገባሁ። እንደ ውሃ። ሃያ ጊዜ ደገምኩት፣ ሃያውንም ገባሁ። ሚስቴ ከጓዳ ሆና «ተሳሳትክ እኮ፣ ጭብጨባዬን አሳለፍከኝ!» ብላ ሳቀች። ያን ቀን እንደ ሰው እንቅልፍ ተኛሁ።

እሑድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። በትላልቆቹ መስኮቶች ፀሐይ ገብቶ የሰው ፊት ሁሉ ይታያል። ሚስቴ ከፊት ረድፍ፣ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ጠቀሰችኝ። እኔም በዚያ ዕድሜዬ እንደ ጎረምሳ ጠቀስኳት። አሁን ትሰማለች ብዬ።

ርግቡ ስምንት ዘፈን ዘፈነ። ከዚያ ማይኩን በሁለት እጁ ይዞ ወደኔ ዞረ። መብራት መጣብኝ።

«ዛሬ አንድ የደበቅኩትን ነገር ልናገር» አለ። «ከአርባ ዓመት በፊት፣ ያቺ ዝምታ የመጣች ቀን፣ ይሄ ወንድሜ አጠገቤ ነበር።» ቆመ። አየኝ። አፉ ተከፈተ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቃሏ ምላሱ ላይ ነበረች፤ አየኋት። ከዚያ ሕዝቡን አየ። ያንን ሁሉ የተንጋጠጠ ፊት፣ ያንን ካሜራ። ምራቁን ዋጠ፤ ቃሏንም አብሮ። ዓይኑን ጨፈነ። ጣቱን ወደ ሰማይ ቀሰረ።

«ሕፃን ልጅ ነበር። ሕይወት የመታችው ልጅ። አለቀሰ። እኔም እንባውን ሳየው ሙዚቃውን አቆምኩ። ልጄ፣ ዓለም ታልቅስልህ አልኩ። ያቺ ዝምታ ለሱ የተሰጠች ስጦታ ናት!»

አዳራሹ ተነሣ። ሴቶች መሐረብ አወጡ። ሚስቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እንባዋ ኮለል ይላል። ድራመሩን አየሁት፤ ጫማውን ያያል። ሕይወት የመታችው! ሕይወት መዳፍ አላት? ሕይወት ከኋላዬ ቆማ ነበር?

እሺ፣ አልኩ በልቤ። አሁን ታያለህ።

ጣቴን ክሩ ላይ አስቀመጥኩ። ርግቡ ጀርባውን ሰጥቶኝ ከፊቴ ቆሟል፤ የቆቡ ስፌት ይታየኛል፣ እንዳልኩት መተርተር ጀምሯል። ድራመሩ ቆጠረ። አንድ። ሁለት። እገባለሁ። ሦስት። ዱብ እላለሁ። ርግቡ እንደልማዱ ቀኝ እጁን አነሣ። መዳፉ ተከፈተ። ከሱ ወዲያ የአዳራሹ መዳፍ ሁሉ ተነሣ፤ ሁለት ሺህ መዳፍ።

አራት።

አልገባሁም። ጣቴን አዘዝኩት፤ አልሰማኝም። አንገቴ ብቻውን ትከሻዬ ውስጥ ገባ፣ ዓይኔ ተጨፈነ፣ ትንፋሼ ቆመ። ማጅራቴ ጠበቀ። ሁለት ሺሁ ሰው ጧ! አለ፣ በአንድ መዳፍ፣ አንዲት ሳትዛነፍ፤ ጣቴም የዚያኔ ብቻ፣ ከተመታሁ በኋላ፣ እንደለመደው ገባ። እንዲያ ጠርታ ወጥታ አታውቅም አሉ። የተማረው ልጅ ከመጋረጃው ጀርባ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ርግቡም በሚያባባ ድምፁ «አትምቱት» አለ።

እስከ መጨረሻው ተጫወትኩ። ምን ላድርግ? አርባ ዓመት አፍ የለኝም ብዬ የሰው አፍ ስጠብቅ፣ ለካ የራሴም ገላ የሱ ቅጥረኛ ነበር።

ሲያልቅ መጥቶ አቀፈኝ። እንቁላል እንቁላል ይሸታል። «አየህ? ማንም አይችላትም ብዬህ አልነበር?» አለና ማጅራቴን ቸብ ቸብ አደረገኝ። የቃሉን ነገር አላነሣም። እኔም አላነሣሁም። በቴሌቪዥን ያቺ ቦታ እስከዛሬ ትደጋገማለች፤ አንገቴን የቀበርኩትን «ተመስጦ» ብለውታል።

ወደ ቤት በእግራችን ሄድን። ሚስቴ ክንዴን ይዛለች። በራችን ጋ ስንደርስ ቆመች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ?»

«ምን?»

«ያቺ ቦታ ላይ ምን ሆነህ ነው? ሊመቱት እንደቃጡበት ልጅ አንገትህን ቀበርከው እኮ።»

ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ያየችኝ እሷ ብቻ ናት። ቃሏ ምላሴ ላይ መጣች። መታኝ። አንዲት ቃል ናት። የሱን አፍ አርባ ዓመት የለመንኩባት ቃል ናት።

«ትንኝ ነው» አልኳት።

«ነከሰህ? እስቲ ልየው» ብላ እጇን ወደ ማጅራቴ ሰደደች። መዳፏ ከጭብጨባው ብዛት ቀልቶ ነበር። ዞር አልኩባት፤ ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ በሩን ከፈትኩ።